ሰባራውን ማን ይጠግን? ለምሥራቅ ጎጃም ወጣት ምእመናን የቀረበ ጥሪ

ከሞጣ ወደ ዓባይ ቆላ የወረደ ሰው ሰባራ ድልድይን ያውቀዋል። በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረ ድልድይ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል፤ የፖርቱጋል ሚሲዮናውያንን ከአገር ያስወጣው ራሱ ፋሲል መሆኑን እያወቁ። ማንም ይሥራው ማን፣ ገበያተኛውን፣ ሙሽራውን፣ የቆሎ ተማሪውንና ለንግሥ የሚሄደውን ምእመን ወደ ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አሻግሯል። ጣሊያን ሲመጣ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ቅስቱን አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚያውቀው በሰባራነቱ ነው።

ባፈረሱት ሰዎች ላይ ቅሬታ የለኝም፤ የጊዜው ግዴታ ነበር። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ በሆነው፣ ይልቁንም ሳይሆን በቀረው ላይ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ድልድዩ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ እንደተሰበረ ቆየ። መሻገር የፈለገ ሰው ወገቡን በገመድ ይታሰራል፤ በወዲህና በወዲያ ማዶ የቆሙ ጎልማሶች ገመዱን ይዘው፣ በአንድ በኩል እየለቀቁ በሌላው እየሳቡ፣ ከታች የሚያገሳውን ዓባይ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ነፍሰ ጡርም፣ ዶሮ ይዛ ገበያ የምትሄድም እንዲሁ። የአርበኛውን የበላይ ዘለቀን ስም ከቢቸና እስከ አዲስ አበባ ያልሰማ የለም። ያን ገመድ ይዘው ሲውሉ የኖሩትን ሰዎች ስም ግን የጻፈልን የለም።

በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የዚያን አሻጋገር ፎቶግራፍ አወጣ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ተቋራጭ፣ የጭነት መኪናው እስኪጠገን ሲጠብቅ መጽሔቱን ሲያገላብጥ አየው። አይቶ ዝም አላለም። በ2002 እ.ኤ.አ. የተሰበረው ቦታ በብረት ተገጥሞ ሰው በእግሩ ተሻገረ። የ2005 እ.ኤ.አ. ጎርፍ ጥገናውን ይዞት ሲሄድ ደግሞ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ ሌላ የእግረኛ መሻገሪያ ተሠራ። በዚያ ፎቶግራፍ ምክንያት የተቋቋመው ድርጅት ዛሬ በብዙ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ድልድዮችን ሠርቷል።

ለሰውዬው ምስጋና ይገባዋል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እሱ አንድ ጊዜ በፎቶ ያየውን እኛ ስድሳ ዓመት በዓይናችን አይተነዋል። ንጉሡን መውቀስ ይቻላል፤ ደርግንም፣ ኢሕአዴግንም። ነገር ግን በሁለቱም ማዶ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በሁለቱም ማዶ አንድ ጾም ይጾማል፣ በአንድ ሥርዓት ይቀደሳል፣ የጊዮርጊስና የሚካኤል ማኅበር በየወሩ ይጠጣል። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ በየዓውደ ምሕረቱ ይሰበካል፤ ቁስለኛውን አይተው ካለፉት መካከል አንዱ ካህን፣ ሌላው ሌዋዊ እንደነበሩ ግን ሰባኪው ቶሎ ያልፈዋል።

«ድሃ ስለነበርን ነው» የሚለው መልስ ለአያቶቻችን ይሠራ ይሆናል። ለእናንተ ግን ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ወዲህ አይሠራም። ያን ቀን የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው፤ በውስጡ የመምህሩ የወር ደመወዝ፣ የሊስትሮው ሳንቲም፣ የገበሬው ቦንድ አለበት። ወንዙ ያው ዓባይ ነው። ጉባ ላይ ከኪሱ አውጥቶ ዓባይን የገደበ ሕዝብ፣ ሞጣ በታች እግረኛ ማሻገር አቅቶት ነበር ቢባል ማን ያምናል? የጎደለው ገንዘብ አልነበረም። «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚል ሰው ነበር የጎደለው።

ስለዚህ ይህ ጥሪ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በመርጡለ ማርያም፣ በደብረ ወርቅ፣ በየገጠሩ ቀበሌ ላላችሁ፣ ክርስቲያን ነኝ ለምትሉ ወጣቶች ነው። ብዙዎቻችሁ «እኔ ማን ነኝና? ሹመት የለኝ፣ ሀብት የለኝ» ትላላችሁ። በእኛ አገር ግን ሰው የሚሰማው ሹመኛን ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ሹመኛን የሚሰማው እየቀነሰ ነው። እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት አለው፤ ባልና ሚስት ለችሎት የማይናገሩትን ለእሱ ይናገራሉ። ሰንበቴው አለ፣ ዕድሩ አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ አለ። የመድኃኒት መደብር ሻጯ ለምታጠባ እናት አንድ ቃል ብትናገር ከሬዲዮ ይልቅ ትሰማለች። የእህል ነጋዴው ሚዛን ትክክል የሆነ ዕለት የገበያው ወሬ እሱ ነው። የሚኒባስ ረዳት ሽማግሌ ቦታ እስኪይዝ ቆሞ ቢጠብቅ ሃያ ሰው ያያል። ይህ ሁሉ ኃይል ነው። እኛ ግን የምናውለው በአብዛኛው ለድግስ ነው።

ይህ ኃይል ሲሠራ ምን እንደሚመስል ከድልድዩ ማዶ ማየት ይቻላል። የደን ባለሙያው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ፣ «እመጓ»ን የጻፉት፣ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር ካህናትን ሰበሰቡ። የየደብራቸውን ደን ከሰማይ በተነሣ ምስል አሳዩአቸው፤ በገላጣ እርሻ መካከል የቀረች አረንጓዴ ነጥብ ሆና ታየች። ከብት ችግኙን እየጋጠው፣ ማሳው እየገፋው ደኑ ከዳር እየተበላ ነበር። መፍትሔው ከብት የሚከለክል የድንጋይ ካብ ሆነ። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ደኑ ሲታጠር እርሻውም ከድንጋይ ጸዳ። ምሁሩ ብቻውን ያን ካብ ሊያስክብ አይችልም ነበር፤ ካህኑም ያለ ምስሉ ደኑ ምን ያህል እንደሸሸ ላያየው ይችላል። ዕውቀቱና ተሰሚነቱ አንድ ጉባኤ ላይ ስለተገናኙ ነው ካቡ የቆመው። ጮቄ ተራራ እየተራቆተ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ዓባይ ሲወርድ ለምናይ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ምሳሌ አይደለም።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ሞጣ ላይ አራት መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም የጥቃቱ ሰለባ ሆኑ። የቁጣው ሰበብ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ መባሉ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ በጅግጅጋና በአካባቢዋ አብያተ ክርስቲያናት ነደው ካህናት ተገድለዋል፤ ልቡ የቆሰለ ምእመን ብዙ እንደነበር አውቃለሁ። ቁስሉ እውነተኛ ነበር። የሞጣው ሙስሊም ግን ጅግጅጋ አልነበረም። እሱ ለአባትህ ቡልኮ የሸጠ፣ ለእናትህ ስኳር በዱቤ የሰጠ፣ ለቅሶ ስትቀመጥ ከድንኳኑ ጥግ አብሮህ ያመሸ ጎረቤትህ ነው።

ድርጊቱን በኋላ ያወገዘ ክርስቲያን ብዙ ነው። ከቃጠሎ በኋላ የሚመጣ ውግዘት ግን ብዙ አያስከፍልም። ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው ሲሰበሰብ መሐል መግባት ነው። በጎጃም ሁለት ሰው ለመጋደል ሲደርስ ካህን መስቀሉን ይዞ መካከላቸው ይቆማል፤ የተነሣው ዱላ ይወርዳል፣ የተደቀነው ጠመንጃ ይመለሳል። ደም የተቃባ ቤተሰብ የሚታረቀው በሽማግሌዎችና በካህናት ፊት ነው። ይህ ሥርዓት ለክርስቲያን ብቻ ይሁን ያለ አባት አልሰማሁም። ያን ዓርብ ማን መሐል ገባ፣ ማን በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፣ ማን ክብሪት አቀበለ የሚለውን ከተማው ያውቀዋል፤ እኔ እዚህ መዘርዘር አይገባኝም። የምጠይቀው ለሚቀጥለው ነው። እናት ልጇን ከደጃፍ ልትመልሰው ትችላለች። ዲያቆን የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹን ጠርቶ በጎረቤቱ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ ሊቆም ይችላል። ምንም ማድረግ የማይችል ደግሞ በቴሌግራም የመጣለትን ያልተጣራ ወሬ ለሌላ አለማስተላለፍ ይችላል፤ ወሬው እሱ ስልክ ላይ ይሙት። ሞጣና ቢቸና ላይ በቁጥር የበዛነው እኛ ነን። ጎረቤት በሰላም ማደሩ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ከእኛ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህኛውን ከአደባባይ ይልቅ በየቤቱ ነው የምናውቀው። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ሕጉን ያልሰማ ሽማግሌ የለም። ቢሆንም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ትዳራለች። ስለ ዲያቆናት በግልጽ እናውራ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል እንዲያገባ ቀኖናው ያዛል። ቀኖናው ግን የ13 ዓመት ልጅ አግባ አይልም። ዲያቆኑ «ትምህርቷን ትጨርስ፣ እጠብቃታለሁ» ቢል ክህነቱ አይጎድልበትም፤ የመንደሩ ወንድ ሁሉ ግን ያየዋል። የንስሐ አባትም ሽማግሌ ሳይላክ በፊት ወሬውን ይሰማል። በዚያች ሰዓት የሚናገራት አንዲት ቃል የፍርድ ቤት ወረቀት የማይደርስበት ቦታ ትደርሳለች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ስለሚካሄደው ጦርነት ማን ትክክል ነው በሚለው እዚህ አልገባም፤ አንባቢው የራሱ አቋም አለው። ከየትኛውም አቋም ጋር አብሮ ሊኖር የማይችል ነገር ግን አለ። ሰው አግቶ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ለአጋች ወሬ የሚያቀብል፣ ከማስለቀቂያው ድርሻ የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ማተብ ያሰረ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ይህን የሚያውቅ ጓደኛው፣ ሚስቱ፣ የማኅበር ባልደረባው ዝም ይለዋል። ዝምታው ከፍርሃት ሊሆን ይችላል፤ ፍርሃቱም ይገባኛል። ቢያንስ ግን ያን ገንዘብ ለጽዋ ሲያዋጣ አንቀበለው። የጠበል ጻድቁ ድግስ በእገታ ብር አይደገስ።

በዚህ መሐል በየቀበሌው በሩ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ደብተሩን አስቀምጦ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አለ። እዚህ ላይ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰበብ ማቅረብ አትችልም፤ ያለ ሕንፃ ማስተማርን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ሊቃውንት ያፈሩት ጥቁር ሰሌዳና ወንበር ኖሯቸው አይደለም። ተማሪው ጎጆ ቀልሶ፣ እህል ለምኖ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይማራል፤ የገፋው ጀማሪውን ያስተምራል። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥክ ልጅ ለሦስተኛ ክፍሎቹ መምህራቸው ነህ። ፊደልና ማባዛት ለማስተማር ደጀ ሰላሙ ይበቃል፤ ዋርካውም ይበቃል። ወላጅ ልጁን የሚልከው የሚያምነው ቦታ ስለሆነ ነው፤ ያም እምነት ባለፉት አባቶች የተገኘ ነው፤ እኛ ያመጣነው አይደለም።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ቃል። ለትውልድ ቀያችሁ ደብር ማሠሪያ በየዓመቱ ዶላር ትልካላችሁ፤ የጣሪያ ቆርቆሮውም ጉልላቱም በእናንተ ነው። ይህን አትተዉ። ግን ከሕንፃ ኮሚቴው ጎን ሌላ ዝርዝር ይኑር፤ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ፣ ክረምት ሲገባ ልጆች የሚወሰዱበት ጅረት፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ የሚያልፍበት ገደል። የእግረኛ ድልድይ ከጉልላት የሚቀልልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስማችሁ ድንጋይ ላይ ላይጻፍ ይችላል።

ኦርቶዶክስም ሁን ፕሮቴስታንት፣ መጀመር የሚቻለው ካለህበት ነው። እኔ ስለማውቀው ሰንበቴ ልናገር። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዳቦው ተባርኮ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት፣ ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ ይጠይቅ፦ በዚህ ደብር ትምህርት ያቆመ ልጅ የማን የማን ልጅ ነው? ሽማግሌዎች ያጉረመርሙ ይሆናል፤ በትሕትና ይደገምላቸው። ጸሐፊው መዋጮ ያልከፈለ ሰው በሚመዘግብበት ደብተር ላይ የልጆቹን ስም ያስፍር፤ የሙስሊሙ ጎረቤት ልጅም ካለ አብሮ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ለፊት የሚያስጠና አንድ ሰው ይመደብ። በሚቀጥለው ወር ሰንበቴውን የሚያወጣው ባለ ተራ ድግሱን ከማቅረቡ በፊት ደብተሩን ገልጦ ያንብብ፤ የተመደበውም በስሙ ተጠርቶ ምን እንደሠራ ይናገር።