ባሕሩ ነው ወይስ ዛፉ?

እሑድ እሑድ ከጊዮርጊስ መልስ ቡናዬን አቅርቤ ስልክ እጠብቃለሁ። ልጄ የሚኖረው ስኮትላንድ ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ወሬያችን አጥሮ ነበር። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ እማዬ።» «በላህ?» «በላሁ።» በቃ።

ዕድሜዬን በነርስነት ስለጨረስኩ ይህን «ደህና» አውቀዋለሁ። በሽተኛን «እንዴት ነህ?» ብትሉት «ደህና» ይላችኋል። እውነቱ የሚወጣው «ማታ ስንት ጊዜ ተነሣህ?» ስትሉት ነው።

ስለዚህ አንድ እሑድ ስለሚወደው ነገር፣ ስለ ጎልፍ ጠየቅኩት። የሀብታም ጨዋታ ነው እያልኩ ስንቀው የኖርኩት ነው። «ሜዳው ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?» አልኩት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አወራኝ።

ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ሜዳ አለ አለኝ። አንዱ ሊንክስ ይባላል፤ በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለ አሸዋማ መሬት ነው። ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል፣ ነፋስ ግን አያጣም። አሸዋው ውኃ ስለማይቋጥር መሬቱ ጠንካራ ነው፤ ኳሷ ከወደቀች በኋላ ነጥራ ብዙ ትንከባለላለች። ጎበዝ የሚባለው ኳሷን ከነፋሱ በታች ዝቅ አድርጎ የሚመታ፣ ወዴት እንደምትነጥርም ቀድሞ የሚያሰላ ነው። የአሸዋ ጉድጓዶቹ ጥልቅ ስለሆኑ አንዳንዴ ለመውጣት ወደ ኋላ መምታት ግድ ይሆናል።

ሌላው ፓርክላንድ ነው፤ ከባሕር የራቀ፣ በዛፍ የተከበበ፣ ሣሩ ውኃ እየጠጣ የሚያድግበት። እዚያ ኳሷ ከፍ ብላ ትሄድና ለስላሳው ሣር ላይ ስታርፍ ቶሎ ትቆማለች። ፈተናው ዛፉና ኩሬው ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአሜሪካው ማስተርስ የሚካሄድበት ኦገስታ እንዲህ ያለ ሜዳ ነው። በ1860 የተጀመረው የብሪታንያው ኦፕን ግን ሁልጊዜ በባሕር ዳሩ ሜዳ ነው።

እኔ የገባኝ በሰፈሬ ነው። ሊንክስ ማለት ጃንሜዳ ነው፤ ለገና ወንድሞቼ ሩር ሲለጉ እያየሁ ያደግኩበት፣ ሩሯም ወዳሻት የምትነጥርበት። ፓርክላንድ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ያለው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፤ ዛፉ ጥላ፣ አጥሩ ከለላ።

በሚቀጥለው እሑድ «የትናንቱ ባሕሩ ነው ወይስ ዛፉ?» አልኩት።

«ባሕሩ። ነፋሱ ሁሉንም ወሰደብኝ።»

«ዝቅ አድርገህ አልመታህም?»

ከልቡ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ከዚያ ዝም አለ። «እማዬ፣ ከሥራ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ» አለኝ።

ያን ዕለት አልመከርኩትም፤ አዳመጥኩት። ሥራ እስኪያገኝ አራት ወር ፈጀ፤ አራቱንም ወር አንድ እሑድ እንኳ ሳይደውል አልቀረም።

የሴንት አንድሩስ አሮጌ ሜዳ፣ ትልቅ ውድድር ከሌለ በቀር፣ እሑድ ጨዋታ አይደረግበትም፤ ሰው ይንሸራሸርበታል። አንዳንድ እሑድ ልጄ የሚደውልልኝ እዚያ በእግሩ እየሄደ ነው። ነፋሱ በስልኩ ይሰማኛል።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ልጃችሁ የሚወደውን ጨዋታ ባትወዱት እንኳ ሜዳውን ዕወቁለት። እኔም «በላህ?» ማለቱን አልተውኩም፤ አስቀድሜ ግን ስለ ሜዳው እጠይቃለሁ።