ውኃውን አታብርዱት

ቡናን ቤታቸው በወረቀት እያጠለሉ መጠጣት የጀመሩ ወዳጆቼ በዝተዋል። ስሞታቸው ግን አንድ ነው፤ «ቀጠነ፣ ኮመጠጠ፣ ይሄ ለቡና አገር ሰው አይሆንም።» ጥፋቱን የሚያላክኩት በዕቃው ነው። እኔ የምከሰው ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣውን መመሪያ ነው።

መመሪያው «ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ» ይላል። ለባሕር ጠረፍ ሰው ልክ ነው። እዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ለዚህ ቡና የሚመከረው ደግሞ ከ90 እስከ 96 ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ እኛ ዘንድ ውኃ የሚንተከተከው 92 ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያም ዝቅ ይላል። ይህንን ውኃ ደግሞ ካበረድነው ኮምጣጣው ቀድሞ ይወርዳል፣ ጣፋጩ ከዝቃጩ ጋር ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከምድጃው እንደወረደ ይንቆርቆር። ማጥለያውንና ወረቀቱንም አስቀድሞ በፈላ ውኃ ማለቅለቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ሸክላ ሙቀት ይሰርቃል።

ሌላው ጣጣ አቆላሉ ነው። እኛ የምንቆላው ለጀበና ነው፤ እስኪጠቁር፣ እስኪወዛ። ወረቀት ደግሞ ወዙን ያስቀረዋል (ኮሌስትሮል የሚያሳስበው ሰው ይህን ይወድለታል)፤ ስኒው ውስጥ የሚገባው ምሬቱ ብቻ ይሆናል። የታጠበ ይርጋጨፌ የሎሚና የአበባ መዓዛው የሚወጣው መንጣጣቱን እንደጨረሰ፣ ቀለሙ ገና ቡናማ ሳለ ከምጣዱ ሲወርድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እሳት ይርጋጨፌውንም ሌላውንም አንድ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ከባህላችን ጋር የሚያጣላ ነገር አለ። ቡና እንግዳ ፊት ተቆልቶ፣ ጭሱ ተሽትቶ፣ ወዲያው ተወቅጦ ነው የሚፈላው። ለወረቀት ግን ገና የተቆላ ቡና አይመችም፤ ውስጡ የታፈነው ጋዝ ውኃውን እየገፋ አረፋ ብቻ ያደርገዋል። ጀበና ያን ጋዝ በእሳት ያባርረዋል፤ ወረቀት ይህ አቅም የለውም። አምስት ስድስት ቀን ይረፍ። ካረፈም በኋላ ለ15 ግራም ቡና መጀመሪያ 30 ወይም 40 ግራም ውኃ ብቻ አፍስሶ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል አብጦ እስኪረጋጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። የቀረው ውኃ እስከ 240 ግራም ድረስ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ በሦስት ደቂቃ አካባቢ ያልቃል።

ወፍጮ ከሌለ ሙቀጫም ይሠራል፤ ችግሩ ዱቄቱም ስብርባሪውም አብሮ መኖሩ ነው። ዱቄቱ ወረቀቱን ይደፍነዋል። በወንፊት ነፍቶ ዱቄቱን ለጀበና ማስቀመጥ ይቻላል። አንገቱ ቀጭን የሆነውን ውድ ማንቆርቆሪያም መግዛት ግድ አይደለም። እኔ ውኃውን አፍልቼ የማንቆረቁረው አፍ ባለው ጀበና ነው። አክስቴ እስካሁን አላየችኝም።

ለነገሩ ይህ ሁሉ የተጀመረው በዕቃ ብዛት አልነበረም። በ1908 እ.ኤ.አ. ሜሊታ ቤንትዝ የተባለች የድሬስደን የቤት እመቤት፣ አተላው ከስኒዋ አልጠፋ ቢላት፣ የነሐስ ዕቃ በሚስማር በስታ ከልጇ ደብተር የወሰደችውን የቀለም ማድረቂያ ወረቀት አነጠፈችበት። ስሟ ዛሬም የወረቀቱ ካርቶን ላይ አለ።

«ብቻን ቡና መጠጣት ምን የሚሉት ነው?» የሚሉኝ ጎረቤቶች አሉ። እውነት አላቸው፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን የሚተካ የለም። ይህ ማለዳ ወደ ሥራ ለሚሮጥ አንድ ሰው ነው።

የቀረው የቆዪዎቻችን ጉዳይ ነው። ከምገዛቸው ከረጢቶች በብዙዎቹ ላይ የማገኘው ቡናው የሚያበቃበትን ቀን ነው። እኔ የምፈልገው የተቆላበትን ነው።