የእናት ሙያ በመብላት አይወረስም

የስደተኛ ቤተሰብ ልብሱ ቢያረጅ፣ ቋንቋውም በልጆቹ አፍ ቢሳሳ፣ ምግቡ ግን አይጠፋም ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ምግብ በራሱ ጊዜ ከትውልድ ወደ ትውልድ አይሻገርም። የእናታቸውን እጅ እየናፈቁ የሚኖሩ፣ ነገር ግን እሷ ካለፈች በኋላ ከወጦቿ አንዱንም ሠርተው መብላት ያልቻሉ ልጆች በየከተማው አሉ። ሙያን የሚያወርሰው አብሮ መሥራት ነው። ለዚህም ቬትናሞችን ምስክር እጠራለሁ።

ቬትናሞች የዘመን መለወጫቸውን ቴትን ሲቀበሉ፣ በተለይ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ ባን ቹንግ የሚባል አራት ማዕዘን ምግብ ያዘጋጃሉ። ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። የሚጣበቀው ሩዝ ለሰዓታት ይዘፈዘፋል፤ ማሾው ይከካል፤ የአሳማው ሥጋ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ይታሻል። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች አንድ በአንድ ታጥበው ይወለወላሉ። ከዚያም ሩዝ፣ ማሾ፣ ሥጋ፣ እንደገና ማሾና ሩዝ ተደራርቦ በቅጠሉ ይጠቀለልና ከቀርከሃ በተሰነጠቀ ማሰሪያ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ለ10 ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚቀቀል፣ እሳቱን የሚቆሰቁስና ውሃው ሲጎድል የሚጨምር ሰው አጠገቡ ማደር አለበት። ከሁሉ የምወደው የልጆቹን ድርሻ ነው። በተረፈው ሩዝና ማሾ ለእነሱ የሚሆኑ ትንንሽ ባን ቹንጎች ይጠቀለላሉ፤ ከትልልቆቹ ጋር ድስት ይገባሉ፤ ቀድመው ስለሚበስሉም ቀድመው ይወጣሉ። የራሱ ምግብ እሳት ላይ ያለ ልጅ እንቅልፍ አይወስደውም። ቅጠሉ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ማሰሪያው ምን ያህል እንደሚጠብቅ እያየና እየነካ ያድጋል።

ማዕዱም ትምህርት ቤት ነው። ቤተሰቡ በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ታናናሾቹ ቾፕስቲካቸውን ከማንሳታቸው በፊት ታላላቆቹን እንዲበሉ በየተራ ይጋብዛሉ። ጥሩውን ቁራጭ አንስቶ በአያት ሳህን ላይ ማኖር ፍቅርም አክብሮትም ነው። በጉርሻ ላደገ ሰው ይህ ወግ ባዕድ አይሆንበትም።

ይህ ሁሉ ወግ በ1975 እ.ኤ.አ. ከባድ ፈተና ገጠመው። በዚያ ዓመት የደቡብ ቬትናም መዲና ሳይጎን ስትወድቅ ከ120 ሺህ በላይ ቬትናማውያን አሜሪካ ገቡ። በካሊፎርኒያው ካምፕ ፔንድልተን፣ በአርካንሶው ፎርት ቻፊና በሌሎች መጠለያዎች ካለፉ በኋላ በየግዛቱ ተበተኑ። ብዙዎቹ የደረሱበት ከተማ የዓሣ ሶስ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረውም። ከትንንሽ ዓሣና ከጨው በበርሜል ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ተብላልቶ የሚወጣው ይህ ፈሳሽ ለእነሱ ወጥ ቤት ለእኛ በርበሬ የሆነውን ያህል ነው። ከስደተኞቹ አንዷ፣ በኋላ ታዋቂ የምግብ ጸሐፊ የሆነችው አንድሪያ ንጉየን፣ እናቷ ከሳይጎን ሲወጡ የምግብ አሠራር የጻፉበትን ደብተር ይዘው እንደነበር ተናግራለች። ልጅቷም አድጋ የቬትናምን የቤት ምግብ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጋ በ2006 እ.ኤ.አ. አሳተመችው።

በመጻፍ ረገድ ከምዕራባውያን የምንማረው አለ። ፋኒ ፋርመር የተባለች የቦስተን መምህርት በ1896 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ በኩባያና በማንኪያ ልክ መስፈርን በአሜሪካ ቤቶች አስለመደች። ከዚያ ወዲህ የአያት ኬክ በአያት እጅ ጽሑፍ ካርድ ላይ ሰፍሮ ለልጅ ልጅ ይደርሳል። ይህን አልንቅም። ሆኖም ወረቀት ብቻውን አያበስልም። ፎ ለሚባለው የቬትናሞች የሩዝ ፓስታ ሾርባ መረቅ ዝንጅብሉና ሽንኩርቱ በእሳት ይለበለባሉ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ መቼ እንደበቃቸው የሚያውቀው ግን ሽታውን አጠገቡ ቆሞ የለየ ሰው ነው።

ልጆቹ ምግቡን ይበርዙታል ብለው የሚሰጉ ወላጆችም አሉ። ፎ ራሱ የብርዝ ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል። በቬትናም በሬ በዋናነት ለእርሻ የሚፈለግ እንስሳ ነበር፤ የበሬ ሥጋን ያስፋፉት ቅኝ ገዢዎቹ ፈረንሳዮች ናቸው። የሰሜን ቬትናም ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የበሬውን አጥንት ከቀረፋና ከሩዝ ፓስታ ጋር አዋሕደው የራሳቸው አደረጉት። ዛሬም በብዙ ቬትናማውያን አሜሪካውያን ቤት በታንክስጊቪንግ ዕለት ከተርኪው ጎን ተጠቅልሎ የተጠበሰ ቻ ዞ ይቀርባል፤ በማግስቱ የተርኪው አጥንት ተቀቅሎ በዝንጅብልና በዓሣ ሶስ የሚበላ የሩዝ ገንፎ ይወጣዋል። የአሜሪካ በዓል በቬትናም እጅ ሲሠራ ማለት ይህ ነው። እጅ እስካለ ድረስ ብርዝ አያስፈራም።

በቨርጂኒያ ፎልስ ቸርች ያለው የቬትናሞች ገበያ ኤደን ሴንተር ከሐበሻ መደብሮች ብዙ አይርቅም። የሁለታችንም ስጋት አንድ ነው። እንጀራው ከሱቅ ይገዛል፤ በርበሬው ተፈጭቶና ተቀምሞ ከአገር ቤት ይላካል፤ እናት ሁለት ሥራ ሠርታ ስትመጣ ልጆቿን ከወጥ ቤት አስወጥታ ቶሎ መጨረስን ትመርጣለች። ድካሟን እረዳለሁ። ቢሆንም በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ሥራው ይዘግይ፤ ወጥ ቤቱም ይቆሽሽ። ዶሮው 12 ብልት ሲወጣለት ልጅቷም ወንድሟም ቢላዋ ይያዙ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲቁላላ ማማሰያው በእነሱ እጅ ይሁን። አንዱ ልጅ ደግሞ እናቱ «በግምት» የምትለውን ቅመም በማንኪያ እየሰፈረ ይጻፍ።

ለመጪው በዓል እንግዳ የምትጠሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ማዕዱ ከቀረበ በኋላ አትጥሯቸው። ሽንኩርቱ ሳይላጥ ጥሯቸው።