ሴክተር መቁጠር ሙያ አይደለም

በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ ትልቅ ዲስክ ሲከፋፍል የየፓርቲሽኑን መነሻና መድረሻ በሴክተር አስልቶ የሚጽፍ ባለሙያ ነው፤ ስሌቱን ለመሣሪያው የሚተው ጀማሪ ነው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው።

የተለመደው ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ 7,814,037,168 ሴክተሮች አሉት። አሥር አኃዝ በእጅ ሲጻፍ አንዷ ብትዛነፍ፣ መሣሪያው ትክክለኛ ትዕዛዝ መስሎት ይፈጽማታል። ከመከፋፈያ መሣሪያዎቹ ኤፍዲስክ (fdisk) «ጻፍ» እስኪባል ይታገሣል፤ ፓርትድ (parted) ግን እንደታዘዘ ወዲያው ዲስኩ ላይ ያሰፍራል።

ከዚህ የሚብሰው አሮጌ ቁጥር መገልበጥ ነው። በቆዩ መመሪያዎች የመጀመሪያው ፓርቲሽን ከሴክተር 63 ይነሣል፤ ዲስክ በሲሊንደርና በትራክ ይለካ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። የዛሬዎቹ ትልልቅ ዲስኮች አብዛኞቹ በውስጣቸው ባለ 4096 ባይት ሴክተር ይዘው ለኮምፒውተሩ «512 ነኝ» የሚሉ ናቸው። 63 በ512 ሲባዛ 32,256 ይሆናል፤ ይህ ለ4096 እኩል አይካፈልም፤ አሰላለፉ ተዛንፏል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 4096 ባይት ብሎክ በተጻፈ ቁጥር ሁለት ሴክተር ይነካል፤ ዲስኩም ሁለቱንም አንብቦ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ለመጻፍ ይገደዳል። የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ፍጥነቱ ብቻ ይወርዳል።

«ለመሣሪያ ከተውነው ልኩን እናጣለን» የሚል መልስ ይሰጣል። ስጋቱ መሠረት አለው። ፓርትድ በጊጋባይት የተነገረውን እንደ ግምት ይወስዳል፤ «4 ጊጋባይት» የተባለ መነሻ እስከ 500 ሜጋባይት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊያርፍ ይችላል። ሆኖም ይህ ወደ ሴክተር ቆጠራ ለመመለስ ምክንያት አይሆንም። ፓርትድ ከእትም 2.4 ጀምሮ በሜቢባይትና በጊቢባይት የተነገረውን ሳያዛንፍ ይቀበላል። መነሻውን «0%» ያለው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፓርቲሽኑን 1 ሜቢባይት ላይ፣ ማለትም ሴክተር 2048 ላይ ያገኘዋል። ባዶ «0» ብሎ የአሰላለፍ ማስጠንቀቂያ የመጣበት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ተወው» ብሎ ያልፋል።

ሴክተር መቁጠር ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፦ የጠፋ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ እንደገና ሲሠራ የቀድሞው መነሻ በትክክል መገኘት አለበት። ለአዲስ ዲስክ ግን ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ይዋል። 512 ባይት በሚቆጥር ዲስክ ላይ የኤምቢአር ሠንጠረዥ ከ2 ቴቢባይት በላይ መግለጽ ስለማይችል ጂፒቲ የተባለው ሠንጠረዥ ይመረጥ፤ ከቁጥሩ ጎን መለኪያው ይጻፍ፤ በመጨረሻም በፓርትድ የአሰላለፍ መፈተሻ ይረጋገጥ። እነዚህን ሦስቱን ዘሎ ሴክተር የሚያስቆጥር መመሪያ ለአንባቢው ድካም እንጂ ጥንቃቄ አላስተማረውም።