ቡናን በጤፍ ዋጋ

አውቶቡስ ተራ ለሙዚቃ ነጋዴ ጨካኝ ዳኛ ነበር። በካሴት ዘመን አዲስ ሥራ ወጣ ሲባል ደሴ፣ ጅማ ወይም ጎንደር ሊሄድ የመጣው መንገደኛ ቆም ብሎ ያዳምጣል። ግጥሙ ካልያዘው ሻንጣውን አንጠልጥሎ መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ ገበያ ስሙን ያገነነ ድምፃዊ ‹‹አሁን ደግሞ ጃዝ ልሥራ›› ቢል የነጋዴው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ‹‹ጃዝ አይሸጥም።››

ነጋዴው ያለ ምክንያት አልተናገረም። ለድምፃዊው፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲው፣ ለአቀናባሪው ከፍሎ ካሴቱን ሲያባዛ፣ ሕገ ወጥ ቅጂ ገበያውን ከማጥለቅለቁ በፊት ወጪውን መመለስ ነበረበት። በጥቂት ሳምንታት ያልተሸጠ ሥራ ለእርሱ የሞተ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ቶሎ አለመሸጥና ጨርሶ አለመሸጥ አንድ አይደሉም። ለዚህ ማስረጃው ከቅርብ ይገኛል። አንጋፋው ድምፃዊ ግርማ በየነ ራሳቸው ከዘፈኑት ይልቅ ለሌሎች ያቀናበሩት ይበዛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ፤ ለረጅም ዓመታትም ከመድረክ ራቁ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ግን አካሌ ውቤ ከተሰኘው የፓሪስ ቡድን ጋር የሠሩት አልበም ‹‹ኢትዮፒክስ›› በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ 30ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ።

የዋልያስ ባልደረባቸው የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻቸውን ተጫውተው ያወጡትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ታትሞ በውጭ ገበያ ሲሸጥ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ የነበሩት ባለሙያ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ። ሥራው 28 ዓመት ሙሉ አልሞተም፤ ገዥውን እየጠበቀ ነበር።

ጤፍ በዓመቱ ታጭዶ ይሸጣል። ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከያዘ በኋላ ግን ለብዙ ዓመት ይለቀማል። ጃዝም እንደዚሁ ነው። ችግሩ ቡናውን በጤፍ ዋጋ መሸጡ ላይ ነው። ድምፃዊው በቁርጥ ዋጋ ተስማምቶ ማስተሩንና መብቱን አስረክቦ ከወጣ፣ ከዓመታት በኋላ ሥራው ሲፈለግ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ሆነ ለድምፅ ሪኮርዲንጉ ፕሮዲዩሰር የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ግን በፊርማ የተሰጠን መብት አዋጅ ብቻውን አያስመልስም። በጃዝ ሥራ ላይ ደግሞ ሳክስፎኑና ፒያኖው ከድምፃዊው እኩል ይናገራሉ፤ የተጫዋቾቹም ድርሻ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መስፈር አለበት።

የካሴት ዘመን አልፏል፤ ዛሬ ሙዚቃ የሚሰማው በስልክ ነው። የቆየ ሥራም እንደ አዲሱ ሁሉ በማንኛውም ሰዓት ገዥ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ድምፃዊው ጃዙን ይሥራ፤ ከመፈረሙ በፊት ግን ነጋዴውን አንድ ጥያቄ ይጠይቀው። ጃዝ የማይሸጥ ዕቃ ከሆነ መብቱን ሁሉ ጠቅልሎ መግዛት ለምን አስፈለገ?