ውዝዋዜ የወንድ ሙያ አይደለምን?

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባለው የቡና አገር የምትማሩ ተማሪዎች፣ ሠርግ ወይም በዓል በደረሰ ጊዜ ወንዱ ሲጨፍር ብዙ ጊዜ አይታችኋል። በዚያች ዕለት አሳምሮ የሚጨፍር ወጣት ይጨበጨብለታል፤ ይወደሳልም። ነገር ግን ያው ወጣት በማግስቱ «ኑሮዬን በውዝዋዜ ልመሥርት» ቢል ያጨበጨበለት ሁሉ ይስቅበታል፤ ወላጆቹም ያዝናሉ። ለበዓል የተወደደው ነገር ለሙያ ሲሆን የሚናቀው ስለ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ይህ ንቀት መሠረት የለውም።

ንቀቱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና አዝማሪው ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። ነገር ግን በሸክላው ድስት ያልበላ፣ በማረሻው ያላረሰ፣ በዘፈኑ ያልተደሰተ ማን ነው? ሥራውን እየተጠቀሙ ሠሪውን መናቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አንዳንዶች «ዳንስ የሴት ነው» ይላሉ። ይህ አባባል ከታሪክ ጋር አይስማማም። ባሌት የሚባለውን የአውሮፓ ዳንስ ለምሳሌ እንውሰድ። ባሌት ታሪክን ያለ ንግግር፣ በሙዚቃ በታጀበ የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያሳይ የመድረክ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1661 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የዳንስ አካዳሚ ሲያቋቁም የመረጣቸው 13 መምህራን ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ንጉሡም ራሱ በመድረክ ላይ ይጨፍር ነበር። ሴቶች በሙያተኛነት በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ የታዩት ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ዳንስ ጨዋታ እንጂ ሥራ አይደለም» ይላሉ። እነዚህ ሰዎች የሩዶልፍ ኑሬየቭን ሕይወት ቢያውቁ ሐሳባቸውን በለወጡ ነበር። ኑሬየቭ እ.ኤ.አ. በ1938 በሳይቤሪያ በኩል በሚጓዝ ባቡር ውስጥ ተወለደ። ወታደር የነበሩት አባቱ የልጃቸውን ዳንስ አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። የባሌት ተማሪ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል መሠልጠን ሲገባው፣ ኑሬየቭ በሌኒንግራድ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት የገባው በ17 ዓመቱ ነበር። ሆኖም ያመለጠውን ጊዜ በድካሙ ተክቶ በሦስት ዓመት ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1961 በምዕራብ አውሮፓ ቀርቶ በዓለም መድረኮች ላይ ገነነ፤ ከ1983 እስከ 1989 ደግሞ የፓሪስ ኦፔራን የባሌት ክፍል መራ። ወንድ የባሌት ዳንሰኛ ከፍ ብሎ ይዘላል፤ አየር ላይ ይሽከረከራል፤ ሴቲቱን ዳንሰኛ ከራሱ በላይ አንሥቶ ፊቱ ሳይከፋ ይቆማል። ይህን ለማድረግ በየቀኑ ለሰዓታት መለማመድ አለበት። ይህ ሥራ ካልሆነ ሥራ ምንድን ነው?

«ይህ የባዕድ አገር ወሬ ነው» የሚል ቢኖር ወደ አገራችን ይመልከት። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቲያትር፣ ብሔራዊ ቲያትርም፣ ወንድ ተወዛዋዦችን በሙያቸው ቀጥረው ሲያሠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአዲስ አበባ የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ዳንስ ማሠልጠን ተጀመረ። በዚሁ መንገድ አዱኛ በተባለው ቡድን ውስጥ ካደጉት መካከል ጁናይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ ይገኙበታል። ሙያቸው ዘመናዊ ዳንስ እንጂ ባሌት አይደለም፤ የሚጠይቀው ትጋት ግን ያው ነው። ጁናይድ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳቡሮ ቴሺጋዋራ በተባሉ ታዋቂ ጃፓናዊ የዳንስ አቀናባሪ ሥር እንዲሠራ ተመረጠ። በ2009ም ሁለቱ ጓደኛሞች በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ሥራቸውን አቀረቡ።

በአንጻሩ የወላጆች ሥጋት ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። አብዛኞቹ የባሌት ዳንሰኞች ከ35 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው መድረክ ይለቃሉ፤ አንድ የጉልበት ጉዳት ሙያውን በአንድ ቀን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ዳንሰኛ ለመሆን የሚሻ ወጣት ትምህርቱን ማቋረጥ የለበትም። ሰውነቱ ሲደክም የሚያስተምርበት፣ የሚጽፍበት ወይም ቡድን የሚመራበት ዕውቀት ያስፈልገዋል። ይህ ግን ሙያውን በጥንቃቄ ለመያዝ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመናቅ ምክንያት አይሆንም።

የቡና ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት እንደሚያስፈልገው እናንተ ታውቃላችሁ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ችግኙን «አላፈራህም» ብሎ የሚነቅለው ገበሬ የለም፤ ይኮተኩተዋል፤ ጥላ ያበጅለታል እንጂ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ተሰጥዎም ጊዜና እንክብካቤ ይፈልጋል። እንግዲህ ከመካከላችሁ ውዝዋዜን የሚወድ ወንድ ተማሪ ቢኖር እርሱ በትጋት ይለማመድ፤ እናንተም አትሳቁበት።