ፈላጊው እስኪደርስ

«ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» የሚለውን ማስታወቂያ በጋዜጣ ወይም በመብራት ምሰሶ ላይ ያላነበበ ጥቂት ነው። ወሮታ የውለታ ምላሽ ነው፤ ውለታ ደግሞ አስቀድመው የሚዋዋሉበት ነገር አይደለም። ይህን መዘንጋታችን ያሳዝነኛል።

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ስፍራ በገበያ ቀን አህያ ከጌታው ተለይቶ የሌላውን ጭነት ይከተላል፤ ውሻም በመኪናው ጩኸት ደንብሮ ይቀራል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ባለቤቱ እያዘነ ወደ መንደሩ ያቀናል፣ ጅቡ ደግሞ ከጎሬው ይወጣል። የአህያ ባል ከጅብ ባያስጥልም፣ ያገኘ ሰው ግን ያስጥላል፤ ውሃ አጠጥቶ ለሌሊቱ በር ይዝጋበት። የማያውቁትን ውሻ ግን መዳሰስ አይገባም፤ ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አከራካሪው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። «ጠያቂ ቢመጣ እሰጥ ነበር» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ከስርቆት ብዙም አልለየውም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት ፈላጊው እስኪመጣ በቤት እንዲቆይ ያዛል፤ ኦሪት ዘጸአት ደግሞ በምዕራፍ 23 ይህንኑ ለባላንጣ ከብት ጭምር ያደርገዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቀፎ የወጣን የንብ መንጋ ባለቤቱ ወዲያው ካልተከተለው ባለቤት አልባ ይለዋል። (የጎጃም ንብ አንቢ ይህን ለማወቅ ሕግ ማንበብ አያሻውም፤ መንጋው ሲነሳ ዓይኑን ሳይነቅል ይሮጣል።) ባለቤትነት በፍለጋ ጸንቶ ይኖራል ማለት ነው። ዝም ያለ አግኚ የሚያመክነው ይህንኑ ፍለጋ ነው። ፈላጊው የሀገሩን በር ሁሉ ሊያንኳኳ አይችልም፤ አግኚው ግን አንዴ በአደባባይ ቢናገር ይበቃዋል።

ሳኦል የአባቱን አህዮች ፍለጋ ስንት አገር ዞረ! አህዮቹ ከተገኙ በኋላም እርሱ በመንገድ ላይ ነበረ። አባቱ ቂስ የአህዮቹን ነገር ትቶ ስለ ልጁ ይጨነቅ ጀመር።

እንግዲህ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በገበያ፣ በቀበሌ መናገር ነው። ነገር ግን «አህያ አግኝቻለሁ» ማለት ይበቃል፤ የጆሮውን ቁርጥ፣ የጀርባውን ጠባሳ ለራስ መያዝ ይገባል። እውነተኛው ባለቤት ምልክቱን አንድ በአንድ ይዘረዝረዋል። ዛሬ ግን የእንስሳውን ፎቶግራፍ በስልክ የሚበትን ሰው ምልክቱን ሁሉ ላጭበርባሪ ያስረክባል። ውሻማ ራሱ ምስክር ነው፤ በስሙ የጠራውን ሰው እንዴት እንደሚቀበል ማየት ነው።

የመኖውን ወጪ መቀበል ነውር የለበትም። ገመዱን ጨብጦ ዋጋ መጥራት ግን እንስሳውን ማገት ነው፣ ወሮታ አይባልም። ባለቤቱ ድሀ ገበሬ ሆኖ ከጠላ ቤት አንድ ጣሳ ልጋብዝህ ካለም፣ እሱኑ ጠጥቶ ተመራርቆ መለያየት ነው።